አላረጀሽም፣ እህቴ

ሮሽ ሃዓይን

ለምወድሽ እህቴ፣

በስልክ «የትኩረት መድኃኒቱ ከዳኝ፣ ጭንቅላቴም አረጀ» ያልሽው ከልቤ አልወጣ ብሎኝ ነው የምጽፍልሽ።

አላረጀሽም፣ ሆዴ። የማረጥ ጊዜሽ እየቀረበ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ40 ዓመት በኋላ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል፤ ይህም ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ኢስትሮጅን ለማህፀን ብቻ አይደለም የሚሠራው። ሐሳብን ለመሰብሰብና ሥራ ለመጀመር የሚረዳውን ዶፓሚን አእምሮ ውስጥ ያግዘዋል። እንዳንቺ የቄሸቭ ቬሪኩዝ (የትኩረት) ችግር ያለበት ሰው የሚቸገረውም፣ የምትወስጂው ሪታሊን የሚሠራውም እዚያው ዶፓሚን ላይ ነው። ስለዚህ ኢስትሮጅኑ ሲወርድ ያው ክኒን በዚያው መጠን ሊያንስሽ ይችላል። ሌሊት በላብ እየነቃሽ እንቅልፍ ማጣቱም ይጨመርበት።

የወር አበባ ሊመጣ ሲል ይብስብኛል ያልሽውም እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ አንድ የሆላንድ ጥናት ይህ ችግር ላለባቸው 9 ሴቶች በዚያው ሳምንት የትኩረት መድኃኒታቸው ተጨምሮላቸው፣ ሁሉም ተሻለን ብለዋል። 9 ሴት ጥቂት ነው፤ በገዛ እጅሽ እንዳትጨምሪ አደራ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ያለፈው ዘመንሽ ነው። ይህ የትኩረት ችግር ለረጅም ጊዜ ሲጠና የኖረው በአብዛኛው በሚቅበጠበጡ ወንዶች ልጆች ላይ ነበር። አንቺ እ.ኤ.አ. በ1991 ወደ እስራኤል መጥተሽ ፕኒሚያ (አዳሪ ትምህርት ቤት) ስትገቢ ጸጥ ብለሽ በመስኮት ታዪ ነበር። «ቋንቋው ስላልገባት ነው» አሉ። ቋንቋውን አቀላጥፈሽ ተናገርሽ፤ ቁልፍሽና ቀጠሮሽ ግን መጥፋታቸውን አልተዉም። ስንት ዓመት ራስሽን ሰነፍ እያልሽ ሰደብሽ!

መንደራችን አምቦበር ሴቶች በወር አበባቸው ጊዜ ተለይተው የሚቀመጡበት የመርገም ጎጆ ትዝ ይልሻል? አንቺ ልጅ ነበርሽ፤ እኔ ግን ሰባት ቀኑን ተቀምጬበታለሁ። ብርዱንም መገለሉንም አልናፍቅም። ነገር ግን የእያንዳንዷ ሴት ቀን ይታወቅ ነበር፤ የዘገየችውን እናቶች «ምነው?» ይሏት ነበር። እዚህ ለሕክምና ኩፓት ሆሊም ስንገባ ስለ ወር አበባችን ትንፍሽ አንልም፤ ሐኪሙም ካልነገርነው ከየት ያውቃል?

እባክሽ ጻፊው። ደም የመጣበትን ቀን፣ እንቅልፍሽን፣ መድኃኒቱ እስከ ስንት ሰዓት እንደያዘሽ። ወረቀቱን ለቄሸቭ ሐኪምሽም ለማህፀን ሐኪምሽም አሳዪ፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ይወቅ። የታይሮይድና የብረት ምርመራ ጠይቂ፤ እነሱም ሲዛቡ ያፈዝዛሉ። የሆርሞን ሕክምና ይስማማሽ እንደሆነም አማክሪ። ሪታሊን የደም ግፊት ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል የእማዬን ግፊት መንገሩን አትርሺ።

ለሰንበት ነይ። ቴል አፌቅ ወርደን በምንጩ ዳር እየሄድን እናወራለን፤ ወረቀቱንም አብረን እናስተካክለዋለን። ቀጠሮሽ መቼ እንደሆነ ላኪልኝ፤ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ አብሬሽ እገባለሁ።

የምትወድሽ እህትሽ