ስንተኛ ወጡ?

መካከሏ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው አዲስ አበባ ጎሕ ሳይቀድ የሚሮጥ ሰው ብርቅ አይደለም። በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች፣ በጃን ሜዳ ሣር፣ በእንጦጦ ባሕር ዛፎች መካከል፣ ጨለማው ከመሬት ሳይላቀቅ የእግር ኮቴ ይሰማል። ከሯጮቹ ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ከገጠር የመጡ፣ አንዲት ክፍል ለሦስትና ለአራት ተከራይተው የሚኖሩ፣ የደራርቱን ወይም የኃይሌን ስም በልባቸው የያዙ። ከእነርሱ ኋላ፣ በራቀ ርቀት፣ ሌሎች አሉ፤ ቦርጩን ሊያቀል የወጣ ጎልማሳ፣ ሐኪም ያዘዛት እናት፣ ጡረታ የወጣ ሹፌር። እነዚህን ቆም ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው። ሠዓሊዎቻችን እምብዛም አልሣሏቸውም፤ ገጣሚዎቻችንም ስንኛቸውን ያቆዩት ክሩን በደረቱ ለሚበጥሰው ነው።

ይህም ያለ ምክንያት የሆነ አይደለም። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን ወር በሮማ ጎዳና በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨርሶ ወርቅ ካገኘ፣ ከአራት ዓመት በኋላም በቶኪዮ ድሉን ከደገመ ወዲህ፣ ሩጫ ማለት በእኛ ዘንድ ማሸነፍ ማለት ሆነ። ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ በ1961፣ ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ በ1972፣ ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና በ1984 ዓ.ም. ያስገኟቸው ወርቆች ይህንኑ እምነት አጸኑት። በዚህ አገር ሮጦ አራተኛ መውጣት እንኳ ሐዘን ነው። እንግዲህ አሥር ሺሕኛ የሚወጣው ሰው ምን ይባል?

ከእነዚህ አንዱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነው። ዕድሜው 46 ነው። በ17 ዓመቱ፣ በሚኖርባት ወረዳ ለአምስት ሺሕ ሜትር ሯጮች ሲመረጡ፣ ከተሰለፉት አንዱ እርሱ ነበር። ሰዓት ያዡ የእጁን ሰዓት አየ፤ ቀና ብሎ ልጁን አየ፤ ከዝርዝሩ ላይ ስሙን በእርሳስ ሰረዘ። የተናገረው ነገር አልነበረም፤ የሚያስፈልግም አልነበረም። ልጁ ወደ ደብተሩ ተመለሰ፤ ደብተሩም ከዩኒቨርሲቲ አድርሶ መምህር አደረገው። ከዚያ ወዲህ ባሉት 29 ዓመታት፣ ታክሲ ሊሳፈር ካልተቻኮለ በቀር፣ እግሩን ለሩጫ አላነሣም።

መልሶ ያስነሣው የደም ግፊት ነው። ሐኪሙ እንቅስቃሴ አድርግ አለው፤ እርሱም መራመድ ጀመረ፤ መራመዱ ቀስ በቀስ ሶምሶማ ሆነ። የሚሮጠው ግን በጨለማ ነበር። ተማሪዎቹ እንዳያዩት ቱታውን በካፖርት ሸፍኖ ከሰፈሩ ይወጣል፤ ከአስፋልቱ ሲደርስ ካፖርቱን ለአንድ ጥበቃ አደራ ሰጥቶ ይሮጣል። አንድ ቀን ዳቦ ሊገዙ የወጡ ልጆች አይተውት «ኃይሌ! ኃይሌ!» እያሉ ተከተሉት። ልጆቹ ክፋት አልነበራቸውም። ነገር ግን በዓለም ላይ ቀስ ብሎ የሮጠ ሰው ሁሉ በታላቅ ሯጭ ስም የሚላገጥበት አገር ምን ያህል ይሆን? የታላቅነት ጥላ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ይበርዳል።

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የተባለው ውድድር በተጀመረበት በኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. 10,000 ሰዎች 10 ኪሎ ሜትር ሮጡ፤ ያሸነፈውም ራሱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር። በቅርብ ዓመታት የተሳታፊው ቁጥር ከ40,000 አልፏል። ከፊት የክለብ ሯጮች ይሰለፋሉ፤ መሪዎቹ ርቀቱን ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃቸዋል። ከኋላቸው አንድ ዓይነት ካናቴራ የለበሰው ባሕረ ሰብ እየዘፈነ፣ እየጨፈረ፣ ፎቶግራፍ እየተነሣ ይፈስሳል። ተውኔት ለሚያውቅ ሰው ይህ ትእይንት እንግዳ አይሆንበትም። በጥንቶቹ ግሪኮች መድረክ ላይ ጀግናው ብቻውን አይቆምም ነበር፤ የሚያይለት፣ የሚያዝንለት፣ የሚጠይቀው የመዘምራን ጓድ ነበረው። እኛ ስለ ሩጫችን ስንጽፍ ጀግናውን አስቀርተን መዘምራኑን ከመድረክ አውርደናቸዋል።

መምህሩ የተመዘገበው ለጭፈራው አልነበረም። ያሰበው አንድ ነገር ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ አንድ እርምጃ እንኳ ሳይራመድ መጨረስ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ስድስት ደቂቃ። ይህን በእጁ መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈው፤ ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም።

የኅዳር ማለዳ ይበርዳል። በኅዳር 12 የሚጤሰው ጢስ፣ በ1911 ዓ.ም. ሕዝብ የፈጀው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ፣ አየሩን ከለቀቀ ብዙ ቀን አልሆነውም፤ የሚሮጥ ሰው ጉሮሮ ይህን ያውቃል። ተኩሱ ሲሰማ ግን መምህሩ ያለበት ሰልፍ አልተንቀሳቀሰም። ብዙ ደቂቃ አለፈ። በኋላ መራመድ፣ ቀጥሎም መገፋፋት ሆነ። የመነሻውን መስመር ሲረግጥ የእጁን ሰዓት አስነሣ፤ ዳሩ ግን የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ብቻውን ስምንት ደቂቃ በላበት። በፊቱ አራት ወጣቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይዘፍናሉ፤ በቀኙ አባት ልጁን በትከሻው ተሸክሟል፤ መውጫ የለም። እርሱ በልቡ ያሰላል፤ 52 ለ9 ሲካፈል፤ እንግዲህ የቀሩትን ዘጠኙን እያንዳንዳቸውን በ5 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ።

እናም ሮጠ። በሰዎች መካከል እየተሹለከለከ፣ በእግረኛ መንገድ ጠርዝ እየዘለለ፣ በውኃ የሚረጩትን ሳያያቸው፣ ከበሮ የሚመታበትን ጥግ ሳይሰማው ሮጠ። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባውም ኦክሲጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ደጋ ተወልዶ ያደገ ሳንባ ይህን ይችለዋል፤ ነገር ግን በችኮላ የተበደረውን ይቅር አይልም። በሰባተኛው ኪሎ ሜትር መጨረሻ፣ ዳገቱ ሲጀምር፣ ብድሩ ተጠየቀ። ባቱ እንደ ድንጋይ ሆነ። ሰዓቱን አየ፤ 45 ደቂቃ። ጥቂት ታገለ፤ ከዚያም ተራመደ።

በመንገዱ ዳር አንዲት አሮጊት የውኃ ጆግ ይዘው ቆመው ነበር።

«አይዞህ የኔ ልጅ፣ ደርሰሃል!» አሉት።

አልደረሰም፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። ትክክለኛውን ርቀት ሊነግራቸው አፉን ከፈተ፤ ትንፋሽ አጣ። ውኃውን ተቀብሎ ጠጣና ጆጉን መለሰላቸው። እየተራመደም በዙሪያው ያለውን ሕዝብ አየ። ጓደኛውን በተሽከርካሪ ወንበር ሽቅብ የሚገፋ ወጣት ነበር፤ ግንባሩ በላብ ርሷል፣ ወንበሩ ላይ ያለው ደግሞ እንደ አሠልጣኝ ይቆጣዋል። የዳገቱን ግማሽ ያህል ከእነርሱ ጎን ሄደ። ወንበሩ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሊንሸራተት ሲል መምህሩ አንዱን እጀታ ያዘ። ማንም አላመሰገነውም፤ ሦስቱም ትንፋሽ አልነበራቸውም። ዳገቱ ሲያልቅ ወጣቱ በራሱ ነቀነቀለት፤ መምህሩም ሮጠ።

1 ሰዓት ከ6 ደቂቃ። በእጁ ሰዓት ላይ የታየው ይህ ነው። መሳተፉ በቂ ነው፣ ደስታው በቂ ነው የሚሉ ቸር ሰዎች አሉ፤ ንግግራቸው ግን ያልሮጠ ሰው ንግግር ነው። መምህሩ አዘነ። በአደባባዩ መካከል፣ ሜዳሊያው በአንገቱ ተንጠልጥሎ፣ ብርቱካን እየላጠ በእርግጥ አዘነ። ያ ሐዘን የተከበረ ሐዘን ነው፤ ከክለብ ሯጩ ሐዘን በዓይነቱ አይለይም፤ የሚለየው የሚጽፍለት በማጣቱ ነው።

ሰኞ ጠዋት አስተማሪዎቹ በሻይ ሰዓት ስንተኛ እንደ ወጣ ጠየቁት። ክፍል ሲገባም ወሬው ቀድሞት ነበር።

«ቲቸር፣ ስንተኛ ወጡ?»

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ ጠመኔ አንሥቶ በሰሌዳው ላይ ጻፈ፤ አንድ ሰው 10 ኪሎ ሜትር በ66 ደቂቃ ሮጠ፤ የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር በሕዝብ ብዛት ምክንያት 8 ደቂቃ ፈጀበት፤ ሰውየው በአንድ ሰዓት ለመጨረስ አቅዶ ነበር። ያላሳካው ለምንድን ነው? ዘወር ሲል ሳቁ ቆሞ ነበር፤ ደብተሮች ተገልጠዋል።

ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ሕዝቡ ባይኖርና የመጀመሪያውን በስድስት ደቂቃ ቢሮጡት እንኳ 64 ይሆናል፤ አራት ደቂቃ ያልፍብዎታል። ስለዚህ ጥፋቱ የሕዝቡ ብቻ አይደለም፣ ቲቸር።»

መምህሩ ወደ ሰሌዳው ተመልሶ ስሌቱን አየው፤ ልክ ነበር። ለልጁ ሙሉ ነጥብ ሰጠው።