የጠብታው ምንጭ

የክብረ መንግሥት አፈር ቀይ ነው፤ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትም ቀይ ነው፤ ስለዚህ አባቴ ያወረሱኝ አሮጌ መኪና ስታፈስ ምድሩ ምስጢሯን ይሸሽግላት ነበር። አንድ ባለሙያ «ካምቢዮው ይውረድ» ብሎ ቢፈርድ፥ የወጪው ብዛት የአባቴን መታሰቢያ ሊያሸጠኝ ደረሰ። ይሁን እንጂ አስቀድሜ ሆዷን አጥቤ፥ ሌሊቱን ነጭ ካርቶን ከሥሯ አነጠፍሁ። ጥቁሩ ጠብታ የሞተር ነው፤ ቀዩ የካምቢዮ ወይም የመሪ ነው፤ ቀዩ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ግን ሕመሙ የውስጥ ነው። በጉዞ ጊዜ ነፋስ ዘይቱን ወደ ኋላ ስለሚገፋው፥ ምንጩ የሚፈለገው በረጠበው ክፍል ላይኛውና ፊተኛው ጫፍ ነው። እንዲህ ብከታተለው፥ በደለኛው ካምቢዮው ሳይሆን፥ ዘይቱን ለማቀዝቀዝ ወደ ራዲያተር የሚያደርሰው ቱቦ መላላት ሆኖ ተገኘ። ጠብታው የወደቀበት ስፍራ ሁሉ የቁስሉ ስፍራ አይደለም፤ የሰው መዝገብ የምንመረምር ሠራተኞችም ይህን ብናስብ መልካም ነው።