እርስዎ ያለችን አለቃ

ጥቅምት 2011 ላይ ከ20ው ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች መሆናቸውን፣ ቀጥሎም ወይዘሮ ሣህለወርቅ ዘውዴ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት መሆናቸውን የሰማሁት ሰበታ ጽጌረዳ ስለይ ነው። አበባው ማለዳ ግሪንሃውስ ውስጥ ይቆረጥና በባልዲ ይመጣልናል። በዘንጉ ርዝመት 40፣ 50፣ 60 ሳንቲ ሜትር እያልን ለይተን፣ ሃያ ሃያውን እናስራለን። ከዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ይገባል፤ ማታ በመኪና ወደ ቦሌ ይሄዳል።

የምንለየው ሁላችንም ሴቶች ነበርን፤ አለቃችን ግን ወንድ ነበር። «አንቺ! እጅሽ ታስሯል?» ይላል። የእናቴ እኩያ የሆኑት ትልቋ ሴትዮ እንኳ ለእሱ «አንቺ» ነበሩ።

ኅዳር ላይ እሱ ተዛወረና አንዲት ወጣት ተተካች። በመጀመሪያው ጠዋት ለአንዱ «አካም ቡልተን»፣ ለሌላው «እንደምን አደራችሁ» እያለች በየጠረጴዛው ዞረች። ትልቋ ሴትዮ ዘንድ ስትደርስ «እትዬ፣ እርስዎ እዚህ ስንት ዓመት ሠሩ?» አለቻቸው። እሳቸው የያዙትን ጽጌረዳ አስቀምጠው፣ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ነው የመለሱላት።

ጫኞቹ «ይቺ ለስላሳ ናት፣ አትዘልቅም» አሉ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ብሎ የተረተም ነበር።

ጥር መጨረሻ፣ ለፍቅረኞች ቀን የሚላከው አበባ አጨናነቀን። ሰብስባን «ምንድን ነው የሚያዘገያችሁ?» አለች።

«ልጄ፣» አሉ እትዬ፣ «እስከ ሦስት ሰዓት ሥራ ፈትተን እንቆማለን፤ ከዚያ ባልዲው ሁሉ ባንዴ ይወርድብናል።»

በማግስቱ ትራክተሩ በየግማሽ ሰዓቱ እንዲመላለስ አደረገች። ሥራው ሳይመሽ አለቀ።

የጮኸችው አንድ ቀን ብቻ ነው። አንዱ ጫኝ አንዲትን ልጅ ሲሰድብ ሰማችና «እዚህ ቤት ሰው አይሰደብም!» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። ከኋላዬ አንዱ በአድናቆት «ወንድ ናት!» ሲል ዞር ብላ «ሴት ነኝ» አለችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ዛሬ እኔም ሱሉልታ ውስጥ ሰው አዛለሁ። ድምፅን ዝቅ ማድረግ የሴት፣ ከፍ ማድረግ የወንድ ነው ሲሉኝ አልቀበልም፤ ሁለቱንም ከአንዲት ሴት አይቻለሁ። ሥራውን ያቀናው ግን ልስላሴዋም ጩኸቷም አልነበረም፤ ጠይቃ መስማቷ ነው። እትዬ የባልዲውን ነገር ለዓመታት ያውቁት ነበር፤ የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ አዲስ ፈረቃ ስረከብ መጀመሪያ በዕድሜ ትልቋን ፈልጌ «እርስዎ ምን ይላሉ?» እላለሁ።