አባዬና ትንሿ ቮልስ

በ1962 እ.ኤ.አ. የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ያሸነፈችውን ዓይነት ቮልስ 24 ጊዜ አሳንሼ ሠራሁ። እውነተኛዋ ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 2 ሜትር ከ40 ናት፤ የኔዋ 10 ሴንቲ። ልኩ ሁሉ ትክክል፣ ግን ቁርጥ መጫወቻ!

ጎፋ፣ አባዬ ጋ ወሰድኳት። ዕድሜ ልኩን ቮልስ ሲፈታ የኖረ ሰው ነው፤ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ጋራዥ ቀርቷል። በጣቱ ዳበሳትና «የኋላ ጎማዋን ማነው እንዲህ ቀጥ ያደረገው?» አለኝ።

ለካ የዚያ ዘመን ቮልስ አክስሏ ካምቢዮው አጠገብ ስለሚታጠፍ፣ ባዶዋን ስትቆም የኋላ ጎማዎቿ ከላይ ወደ ውጭ ዘመም ይላሉ። ስንት ዘመን ሳያት ኖሬ ልብ አላልኩም።

አክስሉን ጎበጥ አደረግኩ፤ ጎማው እንዳይነካውም ፓራፋንጎውን ሞረድኩ። ትናንት መልሼ ወሰድኩለት። የኋላዋን ዳበሰ፣ ደግሞ ዳበሰ፣ ጋቢው ውስጥ ከተታት። እስካሁን አልመለሰልኝም።