ነጻ ኩባ፣ በሎሚና በበረዶ

የአክስቴ ልጅ ሴት ልጁን ያስመረቀ ዕለት፣ ከምሳው ግርግር በኋላ ተመራቂዋ “ዛሬ ጋባዧ እኔ ነኝ” ብላ እኔንና አባቷን አንድ ሆቴል ባር ይዛን ሄደች። እኛ እንግዲህ ድራፍት ያሳደገን ሰዎች ነን። የቀረበልን ሜኑ ግን መጽሐፍ ያህላል። በየመጠጡ ስም ሥር ታሪክ ተጽፏል፤ የገጹ ርዕስም “ከታሪክ አስገራሚ ገጠመኞች የተቀመሙ የረም ኮክቴሎች” ይላል። መቼም እኛ ታሪክ ከተባለ ዋጋውን ሳናይ ነው ማንበብ የምንጀምረው።

“ግሮግ” ከሚለው ጀመርኩ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለመርከበኞቹ በየቀኑ ረም ያድል ነበር አሉ። ታዲያ ስካሩ ሥራውንም ሥርዓቱንም ሲያበላሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1740 አድሚራል ኤድዋርድ ቨርኖን የተባሉ አዛዥ ለአንድ እጅ ረም አራት እጅ ውሃ እየተጨመረ፣ በቀን ሁለቴ ተከፍሎ እንዲታደል አዘዙ። ሰውየው ግሮግራም ከሚባል ሻካራ ጨርቅ የተሰፋ ካባ ያዘወትሩ ስለነበር መርከበኞቹ “ሽማግሌው ግሮግ” ይሏቸዋል። የቀጠነውንም መጠጥ በእሳቸው ስም ጠሩት። ጠላ ያቀጠነች ባልቴት የሰፈር ስም እንደሚወጣላት መሆኑ ነው። እደላው እስከ ጁላይ 31 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ድረስ ዘልቋል፤ በዚያን ዕለት ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው ለረሙ ቀብር ያወጡ መርከበኞች ነበሩ።

“ዳይኪሪ” ደግሞ ሳንቲያጎ ደ ኩባ አጠገብ ያለች የብረት ማዕድን መንደር ስም ነው። ጄኒንግስ ኮክስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ እንግዳ መጥቶበት ጂን ቢያልቅበት፣ በአገሩ ረም ላይ ሎሚና ስኳር ጨምሮ አስተናገደ ይባላል። የእኛ ሰው አረቄ ሲያልቅበት ልጅ ነው የሚልከው።

ተመራቂዋ “ኩባ ሊብሬ” አዘዘች፤ ለአባቷም ጭምር። ነጻ ኩባ ማለት ነው። ዋጋውን አየሁት፤ ነጻ የሆነው ስሙ ብቻ ነው።

የሜኑው ታሪክ እንዲህ ይላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1898 ስፔንን ድል ነስታ ኩባን ነጻ ስታወጣ፣ ሃቫና የነበረ አንድ አሜሪካዊ ወታደር ረም ላይ ኮካ ኮላና ሎሚ ጨምሮ “ለነጻዋ ኩባ!” ብሎ ብርጭቆውን አነሳ። የአክስቴ ልጅ አንብቦ ሳቀ።

“ይሄን ሲል እኮ ኩባን የያዘው የእሱው ጦር ነው። እስከ 1902 አልወጡም” አለ።

የአክስቴን ልጅ ሰፈሩ “ኩባው” ይለዋል። አባቱ በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ወደቁ፤ እሱ በዓመቱ፣ በዘጠኝ ዓመቱ፣ ከብዙ መሰሎቹ ጋር ኩባ ተላከ። የወጣቶች ደሴት በሚሏት ቦታ ግማሽ ቀን ይማራሉ፣ ግማሽ ቀን የግሬፕ ፍሩት እርሻ ላይ ይሠራሉ። ኩባውያን ፍሬውን “ቶሮንኻ” ይሉታል። አክስቴ ይህን ስትሰማ “ትርንጎ ነዋ!” ብላ ነገሩን ጨረሰችው።

ሁለቱ ብርጭቆዎች መጡ። ቀመስ አደረገና “እኛ ኩባ ሳለን ባካርዲም ኮካ ኮላም አልነበረም” አለ። ሁለቱንም የካስትሮ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1960 ወርሷቸው ወጥተዋል። በ1965 አንድ አዛውንት “በ1900 ሃቫና ውስጥ ተላላኪ ልጅ ሳለሁ መጠጡ ሲቀላቀል በዓይኔ አይቻለሁ” ብለው ማሉ፤ መሐላቸውን ማስታወቂያ አድርጎ ያሳተመው ስደተኛው ባካርዲ ነው። “ማያሚ የተሰደዱት ኩባውያን ግን መጠጡን ‘ሜንቲሪታ’ ነው የሚሉት፤ ትንሿ ውሸት።”

ልጅቷ ጨዋታ ደርቶላት “አንተስ አባዬ፣ ትንሽ ውሸት የለህም?” አለችው።

ዝም አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ “የእናቴን ደብዳቤዎች ታስታውሳቸዋለህ?” አለኝ።

እንዴት እረሳለሁ! አንባቢው እኔ ነበርኩ። በየጊዜው ለአክስቴ በአማርኛ ይጽፍላታል፤ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። 1978 ገደማ ላይ ግን ደብዳቤዎቹ ስፓኒሽ ሆኑ። ሰፈር ውስጥ የሚያነብ ጠፋ። አክስቴ “ልጄ ተምሮ አማርኛው ጠፋበት” እያለች፣ በኩራትም በኀዘንም፣ አልጋዋ ሥር ባለው ሣጥን ታስቀምጣቸው ጀመር። በ1985 ሲመለስ ሣጥኑን አውጥታ፣ ቡና አፍልታ፣ ጎረቤት ጠርታ “በል አንብብልኝ” አለችው። አነበበላት። ስለ ትርንጎው፣ ስለ ባሕሩ፣ ስለ ናፍቆቱ። ጎረቤቱ ሁሉ አለቀሰ። እኔም ጥግ ላይ ተቀምጬ አልቅሻለሁ።

“አማርኛ ጠፍቶኝ አልነበረም” አለ። “አንተ እንዳታነብላት ብዬ ነው በስፓኒሽ የጻፍኩት።”

“ምን ይላሉ?” አልኩት።

“‘ለምን ሰጠሽኝ?’ ነው የሚሉት። ሰባቱም። አንድም ትርንጎ የለበትም። እዚያው እየፈጠርኩ ነው ያነበብኩላት።”

ልጅቷ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። እኔ የተናገርኩት ነገር ትዝ አይለኝም። አክስቴ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት አልፏታል። እስክትሞት ድረስ ለመጣው እንግዳ ሁሉ የምታወራው የዚያን ቀን ንባብ ነበር፤ “ትርንጎው እንዲህ የልጅ ራስ ያህላል” እያለች በእጇ ታሳያለች።

“ሣጥኑ የት ነው ያለው?” አለች ልጅቷ።

እኔ ቤት ነው። ለቅሶው ሲያበቃ “እናንተ ዘንድ ይቀመጥ” ብሎ የሰጠኝ ራሱ ነው፤ ለምን እንደሆነ ያኔ አልጠየቅኩትም።

“ነገ መጥቼ እወስደዋለሁ” አለችኝ። ስፓኒሽ አባቷ አስተምሯታል።

አባቷን አየሁት። እሺም እምቢም አላለም። አስተናጋጁን ጠርቶ ሁለተኛ አዘዘ፤ የመጠጡን ስም ሳይጠራ፣ ባዶውን ብርጭቆ በጣቱ እያሳየ።