ስለ ቤት ገመናና ስለ ልጅ ስም

የቤት ገመና በደጅ እንዳይሰማ መሸፈን የጨዋ ወግ ነው። ነገር ግን ሽፋኑ በሕፃን ላይ የተጣለ እንደ ሆነ፣ ከሥሩ ያለው ልጅ ትንፋሽ ያጥረዋል።

የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም በ1957 ዓ.ም. የወጣው «ሂሩት አባቷ ማነው?» ነው። ድርሰቱ የአቶ ኢላላ ኢብሳ፣ አዘጋጁም ላምብሮስ ጆካሪስ የተባለ የግሪክ ሰው ነበረ፤ ሥዕሉም ጥቁርና ነጭ ነው። ሲኒማ ለሀገራችን አዲስ በነበረበት ዘመን የአዲስ አበባ ሰው ማሳያውን «ሰይጣን ቤት» ይለው ነበር። እኔ ፊልሙን አላየሁትም፤ ነገር ግን የርዕሱ ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲከተለኝ የኖረ ነው።

ነቀምቴ ላይ የፍርድ ቤት ጸሓፊ ነኝ። አንድ ቀን አንዲት እናት የዐሥር ዓመት ልጇን ይዛ፣ አባትነት እንዲወሰንላት አቤቱታ አቀረበች። ሰውዬው «ልጄ» እያለ የጻፈው ደብዳቤ በእጇ ነበረ። ያ ፊልም ሲወጣ ይሠራበት የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ባልና ሚስት ሆነው ካልኖሩ ሰዎች ለተወለደና አባቱ ላልተቀበለው ልጅ፣ ዳኛ አባትነትን እንዲወስን የሚፈቅደው እናቲቱ ተጠልፋ ወይም ተደፍራ እንደ ሆነ ብቻ ነበር። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ግን በሩን አሰፋው፤ በጋብቻ ተስፋ ያታለለውን፣ በጽሑፍ ያመነውን፣ እንደ አባትም ሆኖ በማሳደግ የተካፈለውን ሰው ጨመረበት። የክልላችንም የቤተሰብ ሕግ ከዚያ በኋላ ወጣ።

ስጽፍ ልጅቱ ብዕሬን ትመለከት ነበርና በኦሮምኛ «የእርስዎስ አባት ማን ይባላሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እጄ ቆመ። በቄስ ትምህርት ቤትም በሚሲዮንም እንደ አባት ያስጻፍሁት የአያቴን ስም ነበረ። እናቴ «ሆድ ይፍጀው» ብላ ምስጢሩን ይዛ ዐረፈች፤ እኔም ከእርሷ ወርሼ ያዝሁት።

«አላውቃቸውም፤ ያሳደጉኝ አያቴ ናቸው» አልኋት። ልጅቱም ፈገግ ብላ ወደ እናቷ ተጠጋች።

በዚያው ምሽት ልጆቼን ሰብስቤ ነገርኋቸው። ባለቤቴም «ከሠርጋችን በፊት ሰምቼው ነበር፤ አንተ እስክትነግረኝ ጠበቅሁ» አለችኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከእርሷ የሸሸግሁትን፣ እርሷ ስለ እኔ ስትሸሽግልኝ ኖራለች።

የልጅቱ ጉዳይ ገና በዳኞች እጅ ነው። እናንት አባቶች ሆይ፣ የልጅን ስም ዳኛ ሳይጠይቃችሁ ስጡ፤ ነውሩ የወላጅ እንጂ የልጁ አይደለምና።