ቀርቦ የሚያይ ሌንስ

እኛ ከላላ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን የምናገለግል ወጣቶች ነን። ምእመናን አዋጥተው ዲጂታል ካሜራ ገዙልን። አብሮት የመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ያለው ሌንስ ቀን ቀን ደጅ ላይ ይበቃናል። በማታው ጸሎት ግን በአንድ አምፖል ብርሃን የሰው ፊት ይደበዝዝብናል።

የቀረን ገንዘብ ለአንድ ሌንስ ብቻ ነበር። ልባችን የተመኘው ከሩቅ የሚስበውን ረጅሙን ዙም ነው፤ እውነቱን ለመናገር፣ በአዲስ አበባ ትልልቅ ጉባኤዎች ስላየነው። ከእንቁላል ሽያጫቸው ያዋጡ አንዲት እናት ግን፣ «ልጆቼ፣ ማንን ልታነሱበት ነው?» አሉን። ዝም አልን። የምናነሳው ሰው ከ10 እርምጃ አይርቅም።

ጌታ በሉቃስ 14፥28 ግንብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ወጪውን እንዲያሰላ ያስተማረው ትዝ አለን። አሰላን። ያገለገለ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገዛን፤ የብርሃን መግቢያው እስከ 1.8 ይከፈታል። ቁጥሩ ሲያንስ መግቢያው ይሰፋልና፣ የፊተኛው 55 ላይ ከሚከፈትበት 5.6 ይልቅ ከ9 እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። ዙም ግን የለውም፤ ፊት ለማንሳት ተነስቶ መቅረብ ግድ ነው።

በመጀመሪያው ማታ ከኋላ ወንበር ወደሚቀመጡ አባት ቀረብን። በየሳምንቱ ከሩቅ ሰላም የምንላቸው ናቸው። እያለቀሱ ነበር። ካሜራውን ዘግተን አጠገባቸው ተቀመጥን።

ጌታ ሆይ፣ ሰውን ከሩቅ ከማየት አውጣን። አሜን።